«ፔካቪ»፦ በአንድ የላቲን ቃል የተጻፈ ስላቅ

የስላቅ ጽሑፍ ዋጋው በገጽ ብዛት አይለካም። አንዳንዱ ሙሉ መጽሐፍ ሆኖ ማንንም ሳይነካ ያልፋል፤ አንዳንዱ በአንድ መስመር ያቆስላል። እዚህ የምናነሣው ስላቅ ግን መስመር እንኳ አይሞላም፤ አንድ የላቲን ቃል ብቻ ነው። ቃሉ «ፔካቪ» ይባላል። «በደልሁ»፣ «ኀጢአት ሠራሁ» ማለት ነው። የወጣውም «ፐንች» በተባለው የለንደን ሳምንታዊ የቀልድና የስላቅ መጽሔት፣ ሜይ 18 ቀን 1844 በታተመው ቅጽ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ የተወረወረው በአንድ ጄኔራል ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጄኔራሉ ራሱ የተናገረው ተደርጎ ይወራ ጀመር፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ የሚያወሩት ብዙዎች ናቸው። የተወጋበት ጦር በደረቱ ላይ እንደ ኒሻን ተሰካለት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕጣ የገጠመው ስላቅ ብዙ አይገኝም።

ጄኔራሉ ሰር ቻርልስ ጀምስ ናፒየር ይባላል። «ናፒየር» የሚለው ስም በኢትዮጵያዊ ጆሮ መቅደላን ሳያስታውስ አያልፍምና አስቀድሞ መለየት ይገባል። በ1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ሮበርት ናፒየር ሌላ ሰው ነው። ቻርልስ ናፒየር የተወለደው በ1782 ሲሆን የሞተው መቅደላ ከመቃጠሏ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በ1853 ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ክር ግን አለ፤ በቦታው እናነሣዋለን።

ቻርልስ ናፒየር ስሙን ያተረፈው በሲንድ ነው። ሲንድ በዛሬይቱ ፓኪስታን ደቡብ፣ የኢንደስ ወንዝ ወደ ዐረብ ባሕር በሚገባበት አካባቢ የሚገኝ ሰፊ አገር ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ጀምሮ ታልፑር የተባሉ የባሉች ወገን አሚሮች ይገዙት ነበር። ዋና ከተማቸውም ሃይደራባድ ነበረች። አሚሮቹ ከእንግሊዝ ጋር ጠብ አልነበራቸውም። ጠቡ ወደ እነርሱ የመጣው በሌላ አገር ጦርነት ሰበብ ነው። እንግሊዞች በ1839 አፍጋኒስታንን ሲወሩ ለጦራቸው የሲንድን መሬት መሻገሪያ አደረጉ፤ አሚሮቹንም የማይፈልጉትን ውል አስፈረሟቸው። በጃንዩዌሪ 1842 ግን ከካቡል ያፈገፈገው የእንግሊዝ ጦር፣ 4,500 ያህል ወታደርና 12,000 የሚሆን ተከታይ ይዞ፣ በበረዶ በተሸፈኑት ሸለቆዎች ውስጥ አለቀ። ይህ ውርደት በሕንድ ያለውን የእንግሊዝ ግዛት ክብር ነካ። አዲሱ ገዥ ሎርድ ኤለንቦሮም ይህን ክብር የሚያስመልስ አንድ ድል ይሻ ነበር።

ድሉ የተፈለገው በተሸነፉበት አገር ሳይሆን በመንገዳቸው ላይ ባለው አገር ሆነ። የቀድሞው የቦምቤይ ገዥ ማውንትስቱዋርት ኤልፊንስተን ነገሩን ሲሰማ፣ በመንገድ ላይ በሰው ተደብድቦ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ሚስቱን በመምታት ብድሩን ከሚወጣ ጉልበተኛ ጋር አመሳስሎታል። ከውስጥ የመጣ ምስክርነት ስለሆነ ክብደት አለው።

ናፒየር ሲንድ የገባው በሴፕቴምበር 1842 ነው። አሚሮቹ ከእንግሊዝ ጠላቶች ጋር ይጻጻፋሉ የሚል ክስ ቀረበባቸው። ለማስረጃ የቀረቡት ደብዳቤዎች እውነተኛነት በዚያው ዘመን እንኳ አከራካሪ ነበር። ከቀድሞው የከበደ አዲስ ውል መጣባቸው። በጃንዩዌሪ 1843 ጦርነት ሳይታወጅ ናፒየር በረሓ አቋርጦ የኢማምጋርህን ምሽግ አፈረሰ። የሃይደራባድ አሚሮች በፌብሩዌሪ ውሉን ፈረሙ፤ ተከታዮቻቸው ባሉቾች ግን መሬታቸው በብዕር ሲሄድ ዝም ብለው ማየት አልፈለጉም። በዚያው ወር በ15 በሃይደራባድ የሚገኘውን የእንግሊዝ እንደራሴ መኖሪያ አጠቁ። ለናፒየር የሚበቃ ምክንያት ተገኘ። ፌብሩዌሪ 17 ቀን በሚያኒ፣ ማርች 24 ቀን በዱባ ውጊያ ሆነ። በሚያኒ 3,000 የማይሞላው የናፒየር ጦር፣ ራሱ ከ20,000 በላይ ብሎ የገመተውን የባሉች ሠራዊት አሸነፈ። ባሉቾቹ በጎራዴና በጋሻ እየተደረቡ ወደ መድፍ አፍ ሲጠጉ በሺህ የሚቆጠሩት ወደቁ። አሚሮቹ ተማርከው ከአገራቸው ወጡ፤ ከእንግሊዝ ጋር ካበረው አሚር ድርሻ ከካይርፑር በስተቀር ሲንድ የእንግሊዝ ሆነ። ከሃይደራባድ ግምጃ ቤት የተዘረፈው ሀብት ለሠራዊቱ ሲከፋፈል ናፒየር በአሥር ሺሆች የሚቆጠር ፓውንድ ደረሰው። በሲንድ የእንግሊዝ የፖለቲካ ወኪል የነበረውና የወረራውን መንገድ ሲቃወም የቆየው ጀምስ አውትራም ግን የደረሰውን 3,000 ፓውንድ ያህል ለራሱ ሳያስቀር ለበጎ አድራጎት ሰጠ። ሁለቱ ሰዎች ቀድሞ ወዳጆች ነበሩ። ናፒየር አውትራምን በግብዣ ላይ በጽዋ አወድሶት ነበር፤ ከሲንድ በኋላ ግን እስከ መቃብር ተቀያየሙ።

በለንደንም ነገሩ ያለ ክርክር አላለፈም። በፌብሩዌሪ 1844 ፓርላማው ለናፒየርና ለሠራዊቱ የምስጋና ድምፅ ሰጠ። በዚያው ወር ሎርድ አሽሊ ለተማረኩት አሚሮች ፍትሕ እንዲደረግ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ጥያቄ አቅርቦ ተሸነፈ። በኤፕሪል የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዲሬክተሮች ኤለንቦሮን ከሥልጣኑ አንሥተው ጠሩት። በካቢኔው ውስጥ የነበረው ግላድስተን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ጻፈው ሚኒስትሮቹ ድርጊቱን አልደገፉትም ነበር። ሆኖም ሲንድን አልመለሱም። የነቀፉትን መያዝ፣ የያዙትን መንቀፍ፣ ሁለቱም በአንድነት ተቻሉ። ኤለንቦሮ መሻሩ በተሰማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው እንግዲህ ፐንች ያችን ቃል ያተመው።

ጽሑፉ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ይዘቱን ብንነግር እንዲህ ነው፦ በጦርነት ታሪክ ከተላኩት የድል መልእክቶች ሁሉ አጭሩ የዩሊየስ ቄሣር ነው ተብሎ ይታመናል፤ «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍሁ» የሚሉ ሦስት ቃላት ናቸውና። ነገር ግን ሰር ቻርልስ ናፒየር ሲንድን ከያዘ በኋላ ለሎርድ ኤለንቦሮ የላከው መልእክት በአጭርነቱም በእውነተኛነቱም የቄሣርን ይበልጣል። መልእክቱ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ፔካቪ»።

የቃሉን ጨዋታ ለመረዳት ሁለት እርምጃ መሄድ ያስፈልጋል። «ፔካቪ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «አይ ሃቭ ሲንድ» ይሆናል፤ «በደልሁ» ማለት ነው። ይኸው ድምፅ ግን የአገሩ ስም ሆኖ ሲሰማ «ሲንድ አለኝ፣ ሲንድን ያዝሁ» ማለት ይሆናል። በቅኔ ለሠለጠነ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የእኛ ኅብር በአንዱ ቃል ውስጥ ሁለቱን ምስጢር አቅፎ ይይዛል። የላቲኑ «ፔካቪ» በራሱ ሁለት ፍቺ የለውም፤ ሁለትነቱ የሚገለጠው በሌላ ቋንቋ ሲተረጐም ነው። ቃሉ ከአንድ አገር ተነሥቶ ድንበር ሲሻገር ነው ምስጢሩን የሚያወጣው። የፐንች አዘጋጆች ደግሞ አንባቢው እንዳይስተው ፈርተው ፍቺውን አብረው አተሙት። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ከቅኔ መምህሩ ፊት በሰላም የሚመለስ አይመስለኝም።

ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚገባው «በእውነተኛነቱም» የሚለው አነጋገር ነው። የስላቁ መርዝ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጽሑፉ የሚለው ናፒየር ቀልደኛ ነው አይደለም። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው ነው የሚለው፤ ሲንድን ይዟል፣ ኀጢአትም ሠርቷል፤ መያዙና ኀጢአቱ አንድ ድርጊት ነው። ሌላም ጨዋታ አለበት። ጽሑፉ ቄሣር መልእክቱን የላከው በሮም ለሚገኘው «ሆርስ ጋርድስ» ነው ይላል፤ ሆርስ ጋርድስ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ጠቅላይ መምሪያ የነበረበት የለንደን ሕንፃ ነው። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ገዥ መደብ ራሱን የሮም ወራሽ አድርጎ ይመለከት ነበር። ልጆቹ በሕፃንነታቸው የቄሣርን የጦርነት ታሪክ በላቲን ያጠኑ ነበር፤ በፓርላማም የላቲን ጥቅስ ሳይጠቅሱ መናገር እንደ ድንቁርና የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። ላቲን የትእዛዝ፣ የሐውልትና የድል ቋንቋ ነበር። ስላቁ ያንኑ የገዥዎች ቋንቋ ነጥቆ ከድል ቃል ወደ ንስሓ ቃል አዞረው።

ላቲን የንስሓም ቋንቋ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። «ፔካቪ» በእንግሊዝ አገር ላቲን ላልተማረው ሰው እንኳ እንግዳ አልነበረም፤ ጥፋቱን የሚያምን ሰው «ፔካቪ ብሎ ጮኸ» ይባል ነበር። የእኛው ግእዝ «አበስኩ» በትክክል የዚህ አቻ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። ቃሉን በመጽሐፍ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ስናስብ ደግሞ የስላቁ ጥልቀት ይጨምራል። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን መጥቶ፣ ብዙ መንጋ እያለው የድኻውን አንዲት በግ ስለ ነጠቀ ባለጸጋ ሲተርክለት፣ ዳዊት በመጨረሻ «በደልሁ» አለ። የሰው ገንዘብ የወሰደ ኃያል የተናገረው ቃል ነው። ሕንድን የሚያህል ምድር ይዞ የአሚሮቹን አገር የጨመረውን መንግሥት በዚህ ቃል ማናገር በአጋጣሚ የተገኘ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ ያስቸግረኛል።

ይህን ለማለት የሚያበቃን አንዱ ምክንያት የጸሐፊው ማንነት ነው። ጽሑፉ ሲታተም ስም አልነበረበትም። የፈጠረችው ካተሪን ዊንክወርዝ የተባለች፣ በዚያ ጊዜ 16 ዓመቷ የነበረ የማንቸስተር ልጃገረድ እንደ ሆነች ይነገራል። በትምህርት ላይ ሳለች ናፒየር ለኤለንቦሮ መላክ የነበረበት ቃል «ፔካቪ» ነው ብላ ለመምህሯ ተናገረች፤ መምህሯም ለፐንች እንድትልከው መከሯት። ካተሪን በ1827 በለንደን ተወልዳ በሕፃንነቷ ወደ ማንቸስተር የመጣች ስትሆን፣ ካስተማሯት ሰዎች አንዱ የደራሲዋ የኤልሳቤጥ ጋስክል ባል፣ ሰባኪው ዊልያም ጋስክል ነበሩ። ናፒየር ሕንድ ከመሄዱ በፊት ከ1839 እስከ 1841 የሰሜን እንግሊዝ ጦር አዛዥ ነበር፤ የሠራተኛው የቻርቲስት እንቅስቃሴ በጋመባቸው በእነዚያ ዓመታት ማንቸስተርም በእርሱ ሥር ነበረች። ስለዚህ ስሙ በከተማይቱ አዲስ አልነበረም።

አንዲት ልጃገረድ ላቲን ማወቋ በዚያ ዘመን ተራ ነገር አልነበረም። ላቲን የወንዶች ትምህርት ቤት ሀብት ነበር። ኦክስፎርድ ለሴቶች ማዕረግ የሰጠው በ1920፣ ካምብሪጅ ደግሞ በ1948 ነው። ድምፅ የመስጠት መብት የሌላት፣ ዩኒቨርሲቲ በሩን የዘጋባት፣ በፓርላማ ስለ ሲንድ ሲከራከሩ ከሕንፃው ውጭ የምትቀር ልጅ፣ ከሎርድ አሽሊ ረጅም ንግግር በላይ የዘለቀውን ፍርድ በአንድ ቃል ሰጠች። ያውም በእነርሱው ቋንቋ።

ካተሪን ከዚያ በኋላ የታወቀችው በሌላ ሥራ ነው። የጀርመን መንፈሳዊ መዝሙሮችን ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመች፤ «ሊራ ጀርማኒካ» የተባለው ስብስቧ የመጀመሪያው ክፍል በ1855፣ ሁለተኛው በ1858 ታተመ። በብሪስቶል አጠገብ በክሊፍተን ተቀምጣም ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ታገለች። ንስሓና ምስጋና በሞላባቸው በእነዚያ መዝሙሮች ትርጉም ውስጥ የቃላትን ክብደት የመመዘን ችሎታዋ በግልጽ ይታያል። በ1844 ያችን አንዲት ቃል የመረጠችውም ይኸው እጅ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ዕጣ እንመለስ። ገና 12 ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1856 ሎርድ ዳልሃውዚ የአውድን መንግሥት በጠቀለለ ጊዜ ያው ፐንች አዲስ የላቲን ጨዋታ በሁለት መስመር ግጥም አወጣ። «ቮቪ» አለ፤ «ተሳልሁ» ማለት ሲሆን ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር «አውድ አለኝ» ተብሎ ይሰማል። በዚህ ግጥም ውስጥ «ፔካቪ»ን በኩራት የጻፈው ኤለንቦሮ ነው ተብሏል። ልብ እንበል፤ ፐንች ራሱ የፈጠረውን ስላቅ ዘንግቶ፣ ወይም የዘነጋ መስሎ፣ ከተቀባዩ አፍ አስወጣው። «በደልሁ» የሚለው ቃል «በኩራት» ከሚለው ጋር አንድ ላይ ቆመ። በማግስቱ ዓመት በአውድና በሌሎች የሕንድ አገሮች ታላቁ ዐመፅ ሲነሣ፣ ሉክናው ለተባለችው ከተማም ሌላ የላቲን ቀልድ ተፈጠረ። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ቀልዶች የተማሩ መኮንኖች ከእራት በኋላ የሚጫወቱባቸው ሆኑ። «ፔካቪ»ም የናፒየር ነው ተባለ፤ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው እየቀዳ ጄኔራሉ በእርግጥ የላከው መልእክት አድርጎ አስተላለፈው። እንዲህ ያለ መልእክት ናፒየር አልላከም።

የቅኔ ሕግ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ዘወትር ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከሥር ነው። በ«ፔካቪ» ግን ከላይ ያለው «በደልሁ» ወርቁ ነበር፤ ተሸሽጎ የተገኘው «ሲንድን ያዝሁ» ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ተራ ወሬ ነው። የተሸሸገውን የፈታ አንባቢ ብልህ የሆነ እየመሰለው ሳቀ፤ ሲስቅም ከላይ የነበረውን ጣለው። ወርቁን ያገኘ መስሎት ሰሙን ይዞ ሄደ።

የናፒየር ወንድም ዊልያም ናፒየር የታወቀ የጦርነት ታሪክ ጸሐፊ ሲሆን በ1845 የሲንድን ወረራ የሚያወድስ መጽሐፍ አሳትሟል። አውትራምም በ1846 መልስ ሰጠበት። ወንድሙ ከሞተ በኋላ ግን ዊልያም በ1857 የቻርልስን ሕይወትና ማስታወሻ ሲያሳትም አንድ አስገራሚ ነገር ወጣ። ናፒየር ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በማስታወሻው ሲንድን ለመያዝ ምንም መብት እንደሌላቸው፣ ነገር ግን እንደሚይዙት፣ ይህም ጥቅም ያለው የነውር ሥራ እንደሚሆን በገዛ እጁ ጽፎ ነበር። የማንቸስተሯ ልጅ ይህን ማስታወሻ በ1844 ልታየው አትችልም ነበር። በቀልድ በአፉ ያኖረችው ኑዛዜ ግን በመሳቢያው ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ናፒየር በደሉን ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ ዐውቆ የሠራ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይመስለኝም።

ሲንድ በ1847 ለቦምቤይ አስተዳደር ተጨመረ። ናፒየር ሲንድን በገዛበት ጊዜ፣ «ፔካቪ» በታተመበት በዚያው በ1844፣ ከሲንድ ሰዎች የባሉች ሻለቃ ተቋቋመ። ይህ ሻለቃ በኋላ 27ኛው የቦምቤይ እግረኛ ተብሎ፣ የቦምቤይ ጦር አዛዥ በነበረው በሌላው ናፒየር ሥር በ1868 ኢትዮጵያ ገብቷል። ቀደም ብለን የጠቀስነው ክር ይህ ነው። የተወረረው አገር ልጅ፣ አንድ ትውልድ ሳይሞላው፣ ለወራሪው ጠመንጃ ይዞ በእኛ ተራሮች ላይ ወጣ። ሮበርት ናፒየር በዚያ ዘመቻ ከመቅደላ ስም የተወሰደ የሎርድነት ማዕረግ አገኘ።

የቻርልስ ናፒየር ሐውልት በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ቆሟል። በ2000 የከተማይቱ ከንቲባ ማን እንደ ሆነ እንኳ የማያውቁትን የጄኔራል ሐውልት ከቦታው ማንሣት ይሻላል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ሐውልቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በሲንድ ደግሞ ከዱባ ውጊያ የሚነገረው ሌላ ቃል ነው። በማርች 24 ቀን 1843 የወደቀው የአሚሮቹ የጦር መሪ ሆሹ ሺዲ፣ ከአፍሪካ የመጣ ዘር የነበረው ሰው፣ እንሞታለን እንጂ ሲንድን አንሰጥም እያለ እንደ ተዋጋ ይተረካል። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ በሲንድ ሰልፎች ላይ በአገሩ ቋንቋ ይሰማል። ካተሪን ዊንክወርዝ በ1878 በጄኔቭ አቅራቢያ አረፈች። እኅቷ ሱዛና ያዘጋጀችው የደብዳቤዎቿና የመታሰቢያዋ መጽሐፍ ከሞተች በኋላ ወጣ።